«ውስጡን ለቄስ»፦ የጎደለችው ግሥ

ልጅ ሳለሁ ከእናቴ ጋር ቢቸና ገበያ ስንወጣ ከጤፍ ተራ ቶሎ አንላቀቅም ነበር። እናቴ የጆንያው አፍ ላይ ያለውን ጤፍ ዓይታ አትገዛም። እጅጌዋን ትሰበስብና ክንዷን እስከ ክርኗ ትሰዳለች፤ ከሥር አንድ እፍኝ ታወጣና መዳፏ ላይ ዘርግታ እፍ ትላለች። እብቁ በንኖ ሲያበቃ የቀረውን በአውራ ጣቷ እያሸች ታያለች። አንድ ቀን መዳፏ ላይ አፈር ቀረ። «ልጄ፣ ጤፍህ ውስጡን ለቄስ ነው» አለችው ሻጩን። ሰውየው አልተቆጣም። «እትዬ፣ የአውድማው ጥፋት ነው እንጂ እኔ ምን ላድርግ!» ብሎ ሳቀ።

ብዙዎቻችን አባባሉን የምናውቀው በዚህ ትርጉሙ ነው። ግድግዳው በቀለም አሸብርቆ ጣሪያው የሚያፈስ ቤት፣ ሱፍ ለብሶ ዕዳ ያጎበጠው ሰው፣ በአደባባይ ፍቅራቸው የሚያስቀና ጓዳቸው ግን ጠብ የማያጣው ባልና ሚስት፣ ሁሉም «ውስጡን ለቄስ» ይባላሉ። ሽሙጥ ነው፤ ያውም ሁልጊዜ ወደ ሌላ ሰው የሚወረወር ሽሙጥ።

ቃሉን ግን ቀረብ ብላችሁ እዩት። «ውስጡ» አላለም፤ «ውስጡን» ነው ያለው። «ን» የተሳቢ ምልክት ናት፤ ተሳቢ ካለ ግሥ ሊኖር ይገባል። ግሡ ግን የለም። ውስጡን ለቄስ ምን ያድርግ? ሽሙጠኛው «ይተወው» ብሎ ይሞላዋል፤ የውስጡን ገመና ቄሱ ይወቁለት፣ እኛ የላዩን አይተናል እንደ ማለት። ለእኔ የሚጥመኝ ግን «ይንገር» የሚለው ነው። ዋሸራና ጎንጅን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች በሚገኙበት አገር ያደገ ሰው ሰሙን ይዞ፣ ወርቁን ሳይፈልግ ማለፍ አይሆንለትም።

የአባባሉ መሠረት ኑዛዜ መሆኑን ቃሉ ራሱ ይናገራል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ምእመን የነፍስ አባት ይይዛል፤ ጎረቤትም ሚስትም የማያውቁትን ለእርሳቸው ይናገራል፤ እርሳቸውም የሰሙትን ለማንም አያወጡም። በጎጃም ገጠር የነፍስ አባት ለቤተሰቡ እንደ ዘመድ ናቸው፤ ጠበል ይረጫሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ። የቤቱን ውስጥ ከእርሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ይሁን እንጂ ቄሱ ልብ አያነቡም። የሚያውቁት የተነገራቸውን ነው። ሰውየው ደግሞ ያላገኘውን ሊናገር አይችልም፤ ወደ እርሳቸው ከመሄዱ በፊት ክንዱን ወደ ራሱ ጆንያ መስደድ አለበት። ነሐሴ 1 ቀን ፍልሰታ ሲገባ ሱባኤ የሚይዙ ሰዎች ከቤትና ከጫጫታ የሚርቁት ለጸሎት ብቻ አይመስለኝም። ጫጫታ ባለበት እፍኙን እፍ ብሎ ማየት ያስቸግራል።

እግረ መንገዴን፣ «ኑዛዜ» የመጣበት «ናዘዘ» በግእዝ አጽናና፣ አረጋጋ ማለት ነው። እመቤታችን «ናዛዚተ ኅዙናን» ስትባል ያዘኑትን የምታጽናና ማለት ነው። ገመናን ማውጣትና መጽናናት በአንድ ቃል ውስጥ መገናኘታቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። እኛ ቃሉን ስንሰማ የሚታየን ማፈር ብቻ ነው።

እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ። አንድ ዓመት የ52 ተማሪዎችን ፈተና ሳርም አብዛኞቹ አንድ ጥያቄ ሳቱ፦ ግማሽ ለሩብ ሲካፈል ስንት ነው? መልሱ 2 ነው፤ እነርሱ ግማሽ ብለው ጽፈዋል። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሻይ ይዤ የዘንድሮ ልጆች እንደማያጠኑ፣ ስልክ እንዳጠፋቸው፣ ወላጅ እንደማይቆጣጠራቸው ሳወራ ዋልኩ። ማታ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሰነፍ ተማሪ በየፊናው ይሳሳታል እንጂ እንዲህ ተማክሮ አይሳሳትም።

በማግስቱ የአንዲት ጎበዝ ተማሪ ደብተር ለመንኩ። ምሳሌው በሰማያዊ እስክርቢቶ፣ ከሥሩ በማስመሪያ ተሰምሮበት፣ በጥንቃቄ ተጽፏል። ሁለተኛው ክፍልፋይ መገልበጥ ሲገባው የተገለበጠው የመጀመሪያው ነው። ከሰሌዳዬ ላይ አንድም ሳታዛንፍ የገለበጠችው ነበር። ዝግጅቴን ማየት የተውኩት ከስንት ዓመት በፊት እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩና አቃተኝ። ነጭ ጋዋን፣ የተሳለ ቾክ፣ ሥርዓት ያለው ሰሌዳ፤ ውስጡን ለቄስ።

ቄስ ዘንድ የሚሄዱበት ጉዳይ አልመሰለኝም፤ ወደ ክፍሉ ገባሁ። «ያሳሳትኳችሁ እኔ ነኝ» አልኩና ምሳሌውን እንደገና ሠራሁት። ክፍሉ ለትንሽ ጊዜ ጸጥ አለ። እንደሚስቁ ጠብቄ ነበር፤ አልሳቁም። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

የነፍስ አባት ኑዛዜ ሰምተው ዝም አይሉም፤ ቀኖና ይሰጣሉ። ስገድ ይላሉ፣ ጹም ይላሉ፣ የወሰደውን ደግሞ መልስ ይላሉ።

«ታዲያ ማርካችንስ፣ መምህር?» አለ ልጁ።

52ቱን ወረቀት ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ።