«ልጃገረድ መሆኗን አይተው ወረቀት ይስጡን»፦ ስለ ድንግልና ምርመራ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰርግ ሲቃረብ ወይም ልጅ አምሽታ ስትገባ፣ እናት ወይም አክስት ልጅቷን ይዛ ክሊኒክ ትመጣና ሐኪሙን ከላይ ያለውን ትጠይቃለች። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ትቆማለች።

«ሐኪም አይቶ ያውቃል።»
አያውቅም። ድንግል የሚባለው ሽፋን በብልት መግቢያ ዙሪያ ያለ ተለጣጭ ሥጋ እንጂ ማኅተም አይደለም፤ የወር አበባ የሚፈሰውም ከተፈጥሮው ክፍት ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት 36 ነፍሰ ጡር ታዳጊዎችን ተመልክቶ፣ የግንኙነት ምልክት በእርግጠኝነት የተገኘባቸው 2ቱ ብቻ ነበሩ። ነፍሰ ጡሯ ላይ ያልታየ ነገር በሙሽሪት ላይ እንዴት ይነበባል?

«ብር አምባር ሲሰበር ደም የግድ ነው።»
ብዙ ሴቶች በመጀመሪያው ሌሊት አይደሙም።

«ልጅቷ ከፈቀደች ችግር የለውም።»
እናት በር ላይ ቆማ የተሰጠ «እሺ» ፈቃድ ለመባሉ ያጠራጥራል። በእውነት ብትፈቅድም እንኳ ምርመራው የሚያድነው በሽታ የለም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 እንዲቀር ጠይቋል። በእንግሊዝና በዌልስ ከ2022 ጀምሮ፣ ሴቲቱ ብትፈቅድም፣ ወንጀል ነው።

«በሐሰትም ቢሆን ‹ድንግል ናት› ብሎ መፈረም ያድናታል።»
እንዲህ የሚያስቡ ሐኪሞች ክፋት የለባቸውም፤ ብዙዎቹ ዱላውን ፈርተውላት ነው። ነገር ግን የተፈረመው ወረቀት ምርመራው እንደሚሠራ ለሰፈሩ ሁሉ ይመሰክራል፣ ነገ ታናሽ እህቷም በዚያው በር ትገባለች። ፈረንሳይ በ2021 እንዲህ ያለ ወረቀት የሚሰጥን ሐኪም በ1 ዓመት እስራትና በ15,000 ዩሮ የሚያስቀጣ ሕግ አውጥታለች። ይሁን እንጂ «አንሠራም» ብሎ መሸኘትም አይበቃም። ሐኪሙ ልጅቷን ብቻዋን አነጋግሮ የሚያስፈራት ሰው፣ ድብደባ ወይም ያልፈለገችው ጋብቻ እንዳለ ይጠይቃት፣ አደጋ ካለም ከማኅበራዊ ሠራተኛ ጋር ያገናኛት፤ የነገረችውንም ለቤተሰብ አያውራ። ለእናቲቱ የሚሰጠው መልስ «ልጅዎ እምቢ አለች» ሳይሆን «ይህ በምርመራ የሚታወቅ ነገር አይደለም» መሆን አለበት፤ እምቢታው በሕክምናው ስም ከሆነ ጥርጣሬው በልጅቷ ላይ አያርፍም።

«ለተደፈረች ሴት ግን ያስፈልጋል።»
ለእሷ የሚያስፈልገው ሌላ ነው፦ የኤችአይቪ መከላከያ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ በ5 ቀን ውስጥ፣ የቁስሎቿም መዝገብ። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 የሁለት ጣት ምርመራ፣ ማለትም ሐኪም ጣቶቹን በብልት አስገብቶ የሚያደርገው የድንግልና ፍተሻ፣ የተደፈረችን ሴት መብት እንደሚጥስ ወስኗል። በማስረጃው ላይ የሚጻፈው ሐኪሙ ያየው ጉዳት ነው፤ ጉዳት አለመታየቱም አልተደፈረችም ማለት አይደለም።