ቲፒኤስ ምንድን ነው? ከመቀየሩ በፊትስ ሽቦው ታይቷል?

ቲፒኤስ (በእንግሊዝኛ Throttle Position Sensor) የሚባለው ሴንሰር ወደ ሞተር አየር የሚያስገባው ክዳን ዘንግ ላይ የተገጠመ ትንሽ ዕቃ ነው። ክዳኑ ምን ያህል እንደተከፈተ በቮልት ለመኪናዋ ኮምፒውተር ይናገራል። ውስጡ የድሮ ሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ ዓይነት ነው፤ ሲዞር ቮልቱ ይጨምራል።

ሲታመም ሚኒሞው (ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ይዋዥቃል። ቤንዚን ስትረግጡ መኪናዋ ታመነታና ድንገት ትፈተለካለች። አውቶማቲክ ከሆነች ማርሹም ያለቦታው ይቀያየራል።

ጋራዥ ስትሄዱ «በኮምፒውተር ትታይ» ይባላል። ማሽኑ ፒ0122 ወይም ፒ0123 የሚል የብልሽት ኮድ ካወጣ ወዲያው «ቲፒኤሱ ሞቷል፣ ግዙ» ይከተላል። ቆይ! ኮዱ ያለው ቮልቱ አንሷል ወይም በዝቷል ብቻ ነው። ጥፋቱ የሴንሰሩ ይሁን የሽቦው አልተናገረም። በለገጣፎ ወይም በቡራዩ ኮረኮንች ስትንገጫገጭ ለምትውል፣ ላቫጆ ደግሞ ሞተሯ ላይ በኃይል ውኃ ለሚለቀቅባት መኪና፣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሽቦው ከሴንሰሩ ጋር የሚገናኝበትን ሶኬት ነው። ነቅላችሁ እዩት። አረንጓዴ ዝገት ወይም የላላ ፒን ካለ ግማሽ መንገድ ሄዳችኋል። አዲስ ሰፈር፣ ግንባታ አጠገብ የምታድር ከሆነ አይጥ የቀረጠፈው ሽቦም አይጠፋም።

ቀጥሎ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ነው። በገመድ የሚሳብ ክዳን ያላቸው ቪትዝና ኮሮላ ላይ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሽቦ አለ። አራት ከሆነ አንደኛው የሚኒሞ ማብሪያ ነው። ሶኬቱን መልሳችሁ ሰኩት፤ ቁልፉን ክፈቱ፣ ሞተር አታስነሡ። የቴስተሩን ጥቁር ገመድ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አድርጉ። ቀዩን በቀጭን መርፌ ከሶኬቱ ጀርባ አስገቡ። ሽቦውን አትላጡት፤ ክረምት ሲመጣ ውኃ የሚገባው በዚያው ነው። አንዱ ሽቦ 5 ቮልት፣ ማሳው (ወደ ኔጋቲቭ የሚሄደው ሽቦ) ከ0.1 በታች፣ ሦስተኛው መልእክተኛው ደግሞ ሳይረገጥ 0.5 አካባቢ ማሳየት አለበት። ሰው አስረግጡ፤ ግን ቀስ ብሎ። ሳይዘል፣ ሳይወርድ 4 አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ መድረስ አለበት። ቶሎ የሚያልቀው የመጀመሪያው ክፍል ነው፤ እግራችን ቀኑን ሙሉ የሚጫወተው እዚያ ላይ ነዋ።

5 ቮልቱ ካልመጣ መልእክቱ ዜሮ ይሆናል፤ ይሄ 0122 ያወጣል። ማሳው ከተቆረጠ ደግሞ ቮልቱ ወደ 5 ይጠጋል። ኮምፒውተሩ እስከ ወለሉ የረገጣችሁ ይመስለዋል፣ 0123 ይላል። ሁለቱም ቦታ አዲስ ሴንሰር ገዝታችሁ ብትገጥሙ ምንም አይለወጥም። ቴስተሩን እያያችሁ ሽቦውን ነቅነቅ አድርጉ፤ ቁጥሩ ከዘለለ ቦታው ተገኘ።

ፔዳሉ በገመድ ሳይሆን በኤሌክትሪክ የሚሠራ አዲስ መኪና ላይ ሴንሰሩ ሁለት ነው። ብዙዎቹም በማግኔት የሚሠሩ ስለሆኑ ኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ) መለካት አይጠቅምም፤ ክዳኑንም በጣት አትግፉ። ሁለቱን ንባብ በማሽኑ ላይ ጎን ለጎን እያዩ ማስተያየት ነው የሚሻለው።