የብቅል ወፍጮ ምንድን ነው? ለምንስ ዱቄት አያወጣም?

ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ የጀመረ ሰው መጀመሪያ የተፈጨ ብቅል ይገዛል፣ ቆየት ሲል ግን ራሴ ልፍጨው ይላል፣ ልክ ነው፣ ምክንያቱም ያልተነካ ብቅል ደረቅ ቦታ ካስቀመጡት ብዙ ወር ይቆያል የተሰበረው ግን እርጥበት እየሳበ ቶሎ ጣዕሙ ይወርዳል። ችግሩ ወፍጮ ሲባል ሁላችንም የሚታየን ዱቄት መሆኑ ነው። የብቅል ወፍጮ ስራው ማላም አይደለም፣ መሸርከት ነው።

ለምን ካላችሁ የገብሱ ቅርፊት ነው ነገሩ። ድፍድፉ ስኳሩን ለቆ ማጥለል ስንጀምር ወንፊት ሆኖ የሚያገለግለው ራሱ ቅርፊቱ ነው፣ ከታች ተነጥፎ ፈሳሹን ያሳልፋል ደቃቁን ይይዛል። ስለዚህ የምንፈልገው ውስጡ ያለው ነጩ ተሰባብሮ ሙቅ ውሃ እንዲደርሰው፣ ቅርፊቱ ግን በተቻለ መጠን ሳይደቅ እንዲቀር ነው። ካላማችሁት ድፍድፉ እንደ ሊጥ ይያያዝና አልወርድ ይላል፣ ፍሬው ሳይሰበር ካለፈ ደግሞ ስኳር የሚሆነው ስታርች እዛው እንደታሸገ ይጣላል፣ ያን ሁሉ ብቅል ገዝታችሁ ቀጭን ቢራ ትጠጣላችሁ ማለት ነው።

ሁለት አይነት አለ። አንዱ በሁለት ሳህን መሃል እያሸ የሚፈጨው ነው፣ ዋጋው ርካሽ ነው ግን ቅርፊቱን ይቦጫጭቃል፣ በጨርቅ ከረጢት ውስጥ ለሚጠምቅ ሰው ግን ብዙም አይጎዳውም ምክንያቱም የሚያጠለው ከረጢቱ ነው። ሌላው ሮለር ያለው ነው፣ ሁለት ጥርስ ጥርስ ያላቸው የብረት ሲሊንደሮች ፊት ለፊት እየዞሩ ፍሬውን ጨምቀው ይሰነጥቁታል። ባለ ሶስት ሮለርም አለ፣ መጀመሪያ ጠፍጠፍ አድርጎ ቀጥሎ ይሰነጥቃል፣ አወጣጡ ያምራል ግን የበለጠ ጉልበት ይበላል። እኔ ለቤት ባለ ሁለቱ ይበቃል ባይ ነኝ፣ በተረፈው ብር ጠንካራ ብረት ሮለርና ጥሩ ኩሽኔታ ያለው ግዙበት።

ከዛ በሮለሮቹ መሃል ያለው ክፍተት ይመጣል። ብዙ ሰው ከ0.9 እስከ 1.2 ሚሊሜትር ያደርገዋል፣ ለመነሻ 1 ሚሊሜትር ጥሩ ነው። በአይን አትገምቱት፣ መካኒኮች ቫልቭ ሲያስተካክሉ የሚያስገቧት ባለ ቀጫጭን ብረት መለኪያ አለች፣ በሁለቱም ጫፍ ለኩበት፣ አንዱ ጫፍ ሰፍቶ ሌላው ከጠበበ ግማሹ ዱቄት ግማሹ ሙሉ ፍሬ ሆኖ ይወጣል። ስንዴ ቅርፊት የለውም ፍሬውም አነስ ይላል፣ ስለዚህ ለብቻው ጠበብ አድርጋችሁ ፍጩት። አንድ በጣም የምወዳት ዘዴ ደግሞ ብቅሉን ከመፍጨት በፊት ከክብደቱ 2 በመቶ በሚሆን ውሃ እርጭ እርጭ ማድረግ ናት፣ ለ5 ኪሎ 100 ግራም ውሃ ማለት ነው፣ አገላብጣችሁ ትንሽ ስታቆዩት ቅርፊቱ እንደ ቆዳ ይለሰልስና ሳይሰባበር ያልፋል።

አሁን ሞተሩ፣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወፍጮው የሚፈልገው ፍጥነት ሳይሆን የመጠምዘዝ ጉልበት ነው፣ ለቤት መጠን ሮለር በደቂቃ ከ150 እስከ 250 ዙር ይበቃል፣ ከዛ በላይ ሲሮጥ ቅርፊቱ ይቀደዳል ዱቄቱም ይበዛል። በእጅ መዘውር ይቻላል፣ ለ5 ኪሎ ግን ክንድ ይጠይቃል። ድሪል ብዙ ሰው ይጠቀማል እኔም ጀምሬ የነበረው በሱ ነው፣ አንዱን አቃጥዬዋለሁ፣ ምክንያቱን በኋላ ነው የገባኝ፣ የድሪሉ ማቀዝቀዣ ፋን ከሞተሩ ጋር አብሮ ነው የሚዞረው፣ በቀስታ አድርጋችሁ ከባድ ስራ ስታሰሩት ነፋሱ ያንሳል ሙቀቱ ግን ይጨምራል። ድሪል ካላችሁ ዝቅተኛ ማርሽ ያለው ወፈር ያለ ይሁን፣ በየመሃሉም አሳርፉት።

ዘላቂው መፍትሄ በፑሊ (ቺንጋው የሚጠመጠምበት ክብ) እና በቺንጋ ወፍጮውን የሚነዳ ሞተር ነው። ግማሽ የፈረስ ጉልበት፣ ማለት ወደ 370 ዋት ገደማ፣ ለባለ ሁለት ሮለር ይበቃል። በደቂቃ 1440 የሚዞር ሞተር ላይ 5 ሴንቲሜትር ፑሊ፣ ወፍጮው ላይ ደግሞ 30 ሴንቲሜትር ብታስሩ ስድስት እጥፍ ይቀንሳል፣ 240 ዙር ይመጣል። ፑሊ መገጣጠም የማይፈልግ ከነማርሹ የታሸገ ሞተር ይፈልግ፣ ዝግ ያለ ነው ጉልበታም ነው፣ ዋጋው ግን ከበድ ይላል። ቺንጋውን በሆነ ነገር ሸፍኑት፣ ጣት ይበላል።

ሁሌ ሞተሩን መጀመሪያ አስነሱ፣ ብቅሉን ከዛ አፍስሱ፣ ሞልታችሁት ካስነሳችሁት ሮለሩ ነክሶ ይቆማል ሞተሩም እዛው ላይ ይግላል። ፈጭታችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ብናኙን ቢራው ከሚብላላበት ክፍል አርቁት፣ ብቅል ላይ የሚያጎመዝዝ ባክቴሪያ ስላለ በአየር ሄዶ ቢራው ውስጥ ይገባል።