የቤት ጥንቸል ጠባይና ምልክቶች፦ ለሰሜን ሸዋ አርቢዎች

ሰሜን ሸዋ ሲባል ቀድሞ የሚነሳው የመንዝ በግ ነው። እረኞቻችን የበግን ሕመም ገና ከአረማመዱ ይለያሉ። ያ የሠለጠነ ዓይን ለጥንቸልም ይጠቅማል።

የኦርቶዶክስ ምእመን ጥንቸል ስለማይበላ፣ በደብረ ብርሃንም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን ጥንቸል የሚያሳድግ ሰው ብዙውን ጊዜ ለልጆቹ ብሎ ነው። በደጋው ሜዳ የሚሮጠው የዱር ጥንቸል ሌላ ዝርያ ነው። ልጆቹ ጸጉር ለብሰው፣ ዓይናቸው ተገልጦ ይወለዳሉ። የቤቱ ጥንቸል ዘር ግን ከስፔንና ከፖርቱጋል አካባቢ የመጣ ነው። ጉድጓድ መቆፈር ይወዳል፤ ልጆቹም ራቁታቸውን፣ ዓይናቸው ሳይገለጥ ይወለዳሉ።

ጥንቸል ታዳኝ ስለሆነች ድምፅ አታበዛም። ከምልክቶቿ ሁሉ ግልጹ የኋላ እግሯ ነው። መሬቱን ድው ካደረገች አደጋ ተሰምቷታል። ጭልፊት ሲያንዣብብ፣ ድመት በአጥር ሲሾልክ እንዲህ ታደርጋለች። በዱር ሕይወት በጉድጓድ ያሉት የሚነቁት በዚህ ድምፅ ነው። ስትናደድም ትመታለች።

ጆሮ ብቻውን አይበቃም። ሁለቱም ቆመው ወደ አንድ አቅጣጫ ከዞሩ እያዳመጠች ነው። ወደ ኋላ ተኝተው ሰውነቷ ከላላ አርፋለች። ጆሮዋ ተኝቶ ሰውነቷ ከተወጠረ፣ ጭራዋም ከተነሳ ግን እጅዎን ይሰብስቡ፤ ልትነክስ ነው። ጆሮ የሰውነት ሙቀት መቆጣጠሪያም ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ቀዝቀዝ ቢል ብቻውን በሽታ አይደለም። ደረቅ ድርቆሽ ከተነጠፈላትና ከነፋስ ከተከለለች፣ የደጋውን ብርድ ከቆላው ሙቀት በተሻለ ትችለዋለች።

ዘልላ አየር ላይ ከተጠማዘዘች ደስ ብሏታል። ድንገት በጎኗ ዘፍ ስትል ለማያውቅ ሰው ያስደነግጣል፤ ተመችቷት ነው። አገጯን ዕቃ ላይ የምታሸው ሽታዋን ለመተው ነው።

እጅ መላሷን ብዙዎች ፍቅር ነው ይላሉ፤ ጨው ፍለጋ ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። በጀርባዋ ሲያስተኟት ጸጥ ማለቷ ግን ደስታ አይደለም። ፍርሃት ነው፤ ለጨዋታ ብሎ ማድረግ አይገባም። በጆሮዋ ማንሳትም እንዲሁ ፈጽሞ ልክ አይደለም።

ከሁሉም ይልቅ ጥርሷን ያዳምጡ። ሲዳብሷት በቀስታ የምታንቀጫቅጨው ደስ ሲላት ነው። ጮክ ብላ ካፋጨች፣ ጥግ ይዛ ከተኮራመተች፣ ዓይኗን በከፊል ከጨፈነች አሟታል። ጥንቸል ሕመሟን ትደብቃለች። ግማሽ ቀን ድርቆሽ ካልነካች ወይም ፍግ ካልጣለች አንጀቷ መሥራት አቁሞ ሊሆን ይችላል፤ እስኪነጋ አይጠበቅም። ወደ እንስሳት ሐኪም ሲወስዷት መጨረሻ የበላችበትንና ፍግ የጣለችበትን ሰዓት ይንገሩ። ለሰው የተገዛ አሞክሲሲሊን ግን በአፏ አይስጧት፤ ሊገድላት ይችላል።