ጊትሀብን ከጂራ ማገናኘት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ለሆቴሎች የክፍል ማስያዣ ሶፍትዌር የሚሠሩ ወጣቶች አሉ። ኮዳቸውን ጊትሀብ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ማን ምን እንደሚሠራ ደግሞ በጂራ ይከታተላሉ። የኮድ ለውጦች ጂራ ላይ ከየሥራው ጋር እንዲታዩ ሁለቱን እናገናኝ ሲባል ግን ክርክር ይነሳል። ደጋግሜ የምሰማቸውን አመለካከቶች እነሆ።

«ካገናኘን የይለፍ ቃላችንን አሳልፈን ሰጠን»

አልሰጣችሁም። ፈቃዱ የሚሰጠው ጊትሀብ ራሱ በሚከፍተው ገጽ ላይ ነው። ለጂራ የሚደርሰው ቶክን የሚባል፣ ለተወሰነ ሥራ ብቻ የሚያገለግል ምስጢራዊ ቁልፍ ነው።

«የይለፍ ቃል እስካልተሰጠ ድረስ ስጋት የለም»

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ከጊትሀብ ጋር ለሚገናኙት ሄሮኩና ትራቪስ ሲአይ ለተባሉ የሶፍትዌር አገልግሎቶች የተሰጡ ቶክኖች ተሰርቀው የበርካታ ድርጅቶች የግል ኮድ እንደተወሰደ ጊትሀብ አስታውቋል። ሌቦቹ የድርጅቶቹን የይለፍ ቃል ማወቅ አላስፈለጋቸውም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ የፈቃዱ ስፋት ነው።

የፈቃድ ገጹ ሁለት ምርጫ ያቀርባል፦ ሁሉም ሪፖዚተሪዎች (የኮድ ማከማቻዎች) ወይም የተመረጡት ብቻ። የቸኮለ ሰው የመጀመሪያውን ይነካና ያልፋል። ያን ጊዜ የሆቴሉ ኮድ ብቻ ሳይሆን የዩኒቨርሲቲ መመረቂያ ሥራው፣ የሌላ ደንበኛ ኮድ፣ በአሮጌ ፋይል ውስጥ የተረሳ የዳታቤዝ የይለፍ ቃል ሁሉ አብሮ ይከፈታል። እባካችሁ የሚያስፈልገውን ብቻ ምረጡ! ኦኦት (OAuth) በሚባለው የቆየ የፈቃድ አሰጣጥ አሠራር የሚገናኙ መድረኮች ደግሞ ይህን ምርጫ አይሰጡም፤ የግል ኮድ ለማንበብ ሲጠይቁ የመጻፍ ፈቃድም አብሮ ይሄዳል። እነዚህን ሁለት ጊዜ ማሰብ ያስፈልጋል።

«መብራት ሲጠፋ ግንኙነቱ ይቋረጣል»

መረጃው የሚተላለፈው ከጊትሀብ ሰርቨር ወደ ጂራ ሰርቨር ስለሆነ የእናንተ ላፕቶፕ መዘጋት አያቋርጠውም። ኮሚት ያደረጋችሁት (እንደ ለውጥ የመዘገባችሁት) ሥራ በላፕቶፓችሁ ላይ ይቆያል፤ መብራትና ኢንተርኔት ሲመለስ ፑሽ ስታደርጉ (ወደ ጊትሀብ ስትልኩት) ጂራ ላይ ይታያል።

«አንዴ ከተገናኘ ጂራ የትኛው ኮድ የየትኛው ሥራ እንደሆነ ራሱ ይለያል»

የሥራውን መለያ ለምሳሌ በኮሚቱ መልእክት ወይም በቅርንጫፉ (ለብቻው በተከፈተው የኮዱ የሥራ መስመር) ስም ውስጥ ካልጻፋችሁ አይለይም። መለያው በትልልቅ የላቲን ፊደላት ተጽፎ ሰረዝና ቁጥር ይከተለዋል። ለጥምቀት እንግዶች የተሠራ ማስተካከያ «አስተካክያለሁ» ተብሎ ብቻ ቢላክ ጂራ ላይ የትም አይገኝም።

«ባልደረባችን ሲለቅ የይለፍ ቃል መቀየር ይበቃል»

የይለፍ ቃል መቀየር ለመተግበሪያ የተሰጠን ፈቃድ አይሽርም። ጊትሀብ ውስጥ ቅንብሮችን ከፍቶ፣ የመተግበሪያዎችን ዝርዝር አይቶ ፈቃዱን እዚያው መሰረዝ ያስፈልጋል። በተቃራኒው፣ ግንኙነቱ በለቀቀው ሰው የግል ቶክን የተሠራ ከሆነ አካውንቱ ከቡድኑ ሲወጣ ግንኙነቱ ለሁሉም ይቋረጣል። ከመጀመሪያው በድርጅቱ አካውንት ላይ፣ መተግበሪያውን በመጫን አገናኙት፤ የባለቤትነት ሥልጣኑም ቢያንስ በሁለት ሰዎች እጅ ይሁን።