ገመድ አልባ ኪቦርድና ማውዝ፦ ነገሩ ሁሉ ዶንግሏ ላይ ነው

ገመድ አልባ ኪቦርድና ማውዝ ብዙ ጊዜ በአንድ ካርቶን ተጣምረው ነው የሚሸጡት። ሰው ሲገዛ ኪቦርዱን ይነካካል፣ ማውዙን ጨበጥ አድርጎ ያያል፣ ቀለሙን ያማርጣል። ዋናውን ሥራ የምትሠራው ግን ከጥፍር ብዙም የማትበልጥ ዩኤስቢ ናት። ካርቶኑ ላይ ሪሲቨር ተብላ ትጻፋለች፣ ብዙ ሰው ዶንግል ይላታል። ቀስቱ ተንቀጠቀጠ፣ ፊደል ዘለለ፣ ኪቦርዱ አልሠራ አለ ሲባል ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ወይ ከእሷ አቀማመጥ ወይ ከባትሪ ነው። ኪቦርዱ ራሱ ጥፋተኛ የሚሆነው አልፎ አልፎ ነው።

መጀመሪያ እሷን ማግኘት ነው። ካርቶኑ ውስጥ ካልታየች የማውዙን ሆድ ክፈቱት፤ ባትሪው አጠገብ ለእሷ ተብሎ በተሠራ ቀዳዳ ውስጥ ተወሽቃ ልትገኝ ትችላለች። ይህን ያላወቀ ሰው "ዕቃው ጎድሎ ነው የመጣው" ብሎ ከሻጩ ጋር ይጨቃጨቃል። ከዚያ ባትሪ ማስገባት፣ ማውዙ ሆድ ላይ ያለችውን ማብሪያ መግፋት፣ ዶንግሏን መሰካት። አለቀ። ዊንዶውስም ሆነ ማክ ወይም ሊኑክስ ለተራ አጠቃቀም ተጨማሪ ሶፍትዌር አይጠይቅም፤ ምክንያቱም ዶንግሏ ለኮምፒውተሩ ራሷን የምታስተዋውቀው እንደ ተራ ባለገመድ ኪቦርድና ማውዝ አድርጋ ነው። ሬዲዮ የሚባል ነገር በመካከል መኖሩን ኮምፒውተሩ አያውቅም፣ ማወቅም አያስፈልገውም።

ዶንግሏና ሁለቱ ዕቃዎች የሚተዋወቁት ገና ፋብሪካ እያሉ ነው። ስለዚህ በርካሾቹ ላይ ዶንግሏ ከጠፋች ኪቦርዱም ማውዙም ምንም ሳይሆኑ ቁጭ ይላሉ። መልኳ ቁርጥ እሷን የመሰለች የሌላ ዕቃ ዶንግል ብትሰኩም ዞር ብላ አታያቸውም። አንዳንድ አምራቾች ለዚህ መላ አበጅተዋል። ሎጊቴክ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ዩኒፋይንግ የተባለው ዶንግል እስከ 6 ዕቃ ይቀበላል፤ ቢጠፋም ሌላ ገዝቶ በሶፍትዌር ማስተዋወቅ ይቻላል። በ2021 ሎጊ ቦልት የሚባለው መጣ። ሁለቱ ግን አይግባቡም፤ ስለዚህ ምትክ ስትገዙ በዕቃው ላይ ያለውን ምልክት አይታችሁ ነው።

ገመዱን የመጣል ሐሳብ አዲስ አይደለም። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1984 ገበያ ላይ ያዋለው ፒሲ ጁኒየር የሚባል የቤት ኮምፒውተር ኪቦርዱ በኢንፍራሬድ ነበር የሚሠራው፣ እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት ማለት ነው። ፊት ለፊት ካልሆነ አይሰማም። ብዙ ኮምፒውተር ያለበት ክፍል ውስጥ ደግሞ የአንዱ ኪቦርድ ሌላውን ስለሚረብሽ አይቢኤም ራሱ ለገመድ አልባው ኪቦርድ ገመድ ለብቻው ይሸጥ ነበር! ከዚያ በ27 ሜጋኸርዝ ሬዲዮ የሚሠሩት መጡ። ዶንግላቸው ትልቅ ነው፣ ከጠረጴዛው ራቅ ካላችሁ አይሰሙም። ዛሬ ሁሉም ማለት ይቻላል 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ሰፍሯል።

ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ይህ የሬዲዮ ሞገድ ክልል ፈቃድ ስለማይጠየቅበት ዋይፋዩም፣ ብሉቱዙም፣ ማይክሮዌቭ ምድጃውም እዚያው ይተራመሳሉ። ደህና የሆኑት ዕቃዎች የተጨናነቀውን ቻናል እየለቀቁ ወደ ሌላው ስለሚዘሉ ይህን ያህል አይቸገሩም። ካርቶኑ ላይም 10 ሜትር ይሠራል ተብሎ ይጻፋል። ታዲያ ማውዙ ከዶንግሏ አንድ ሜትር እንኳ ሳይርቅ ለምን ይቆራረጣል?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነገር አለ፦ ሰማያዊው የዩኤስቢ ቀዳዳ። ይህ ቀዳዳ ዩኤስቢ 3.0 ነው፤ በሰከንድ 5 ጊጋቢት ሲያስተላልፍ ከቀዳዳው፣ ከገመዱና ከተሰካው ዕቃ የሚወጣው የሬዲዮ ጫጫታ 2.4 ጊጋኸርዝን ይሸፍናል። ፕሮሰሰር አምራቹ ኢንቴል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2012 ይህንኑ የሚያስረዳ ጽሑፍ አውጥቷል። ምልክቱ ግልጽ ነው። ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ሰክታችሁ ፊልም መገልበጥ ስትጀምሩ ቀስቱ ይጎተታል፣ ይቆማል፣ ከዚያ ድንገት ዘሎ ሌላ ቦታ ይገኛል። ስትጽፉ አንዱ ፊደል ይዘላል፣ ሌላው ተደጋግሞ ይወጣል። ግልበጣው ሲያልቅ ሁሉም ነገር ሰላም! ሰው ማውዙ ተበላሸ ብሎ አዲስ ይገዛል፣ አዲሱም ያንኑ ያደርጋል። መፍትሔው ዶንግሏን ከሃርድ ዲስኩ ማራቅ፣ ከተቻለም ጥቁሩ የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ ላይ መሰካት ነው። ሲፒዩው ጠረጴዛ ሥር ከሆነና ዶንግሏ ከጀርባው ከተሰካች ደግሞ የብረቱ ሳጥን ራሱ ይከልላታል። ወደ ፊት ለፊቱ ቀዳዳ አዙሯት። አጠር ያለ የዩኤስቢ ማራዘሚያ ካላችሁማ ከሁሉ ይሻላል፤ ዶንግሏን ከኪቦርዱ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጡበታላችሁ። አያምርም፣ ግን ይሠራል።

ዶንግል የማይፈልጉ፣ በብሉቱዝ የሚሠሩም አሉ። የዩኤስቢ ቀዳዳ አይይዙም፤ አንዳንዶቹ አንዲት ቁልፍ በመጫን ብቻ ከኮምፒውተሩ ወደ ታብሌቱ ይሻገራሉ። ለላፕቶፕ ጥሩ ናቸው። ለቤት ዴስክቶፕ ግን እኔ ዶንግሉን ነው የምመርጠው። አንደኛ፣ ብዙ ዴስክቶፕ ብሉቱዝ የለውም። ሁለተኛውና ዋናው፣ ባዮስ ውስጥ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ ውስጥ) ለመግባት ወይም ዊንዶውስ እንደገና ለመጫን ስትፈልጉ የብሉቱዝ ኪቦርድ ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ብሉቱዙን የሚያስነሳው ሲስተሙ፣ ማለትም ዊንዶውሱ ነው፣ ሲስተሙ ደግሞ ገና አልተነሳም።

ወደ ባትሪ እንምጣ። ማውዙ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከኪቦርዱ ቀድሞ ነው የሚራበው፤ ሲንቀሳቀስ ከሥሩ ብርሃን እያበራ ጠረጴዛውን በሰከንድ ብዙ ጊዜ ፎቶ ያነሳል። ኪቦርዱ የሚናገረው ቁልፍ ሲነካ ብቻ ነው፣ በአንድ ዙር ባትሪ ከአንድ ዓመት በላይ የሚሄድ አለ። ባትሪ ሲደክም ዕቃው ወዲያው አይዘጋም። መጀመሪያ ርቀቱ ያጥራል፣ ከዚያ ክሊክ መዝለል ይጀምራል። ስለዚህ ማውዝ ሲያስቸግር ከሁሉ በፊት ባትሪ ቀይሮ ማየት ነው። ዳግም የሚሞሉትን ከተጠቀማችሁ ቮልታቸው 1.5 ሳይሆን 1.2 ስለሆነ ስክሪኑ ላይ የሚታየው የባትሪ መጠን ቢዋሻችሁ አይግረማችሁ። ለወራት የማትነኩት ከሆነ ደግሞ ባትሪውን አውጡ። አልካላይን ባትሪ ፈሳሽ ካወጣ የውስጥ ብረቱን በልቶ ነው የሚለቀው። ዩኤስቢ ተሰክቶ ቻርጅ የሚደረግ ከሆነ ከዚህ ሁሉ ነፃ ናችሁ፣ የአፕል ማጂክ ማውዝ ካልሆነ በቀር። ከ2015 ወዲህ ያሉት የቻርጅ ቀዳዳቸው ሆዳቸው ላይ ነው፤ ቻርጅ ሲደረጉ ተገልብጠው ይተኛሉ፣ እናንተም ትጠብቃላችሁ።

ደህንነቱስ? በቤት ውስጥ ብዙም የሚያሳስብ አይደለም፣ ግን ባዶ ወሬም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ባስቲል የተባለ የደህንነት ድርጅት ማውስጃክ ብሎ የሰየመውን ክፍተት ይፋ አደረገ፦ ከብዙ አምራቾች የመጡ ዶንግሎች በርቀት ያለ ሰው በሬዲዮ የላከውን ቁልፍ ከባለቤቱ ኪቦርድ የመጣ መስሏቸው ይቀበሉ ነበር። በዚያው ዓመት ደግሞ አንዳንድ ርካሽ ኪቦርዶች የሚጻፈውን ሁሉ፣ የይለፍ ቃልም ጭምር፣ ሳይመሰጥሩ አየር ላይ እንደሚለቁ ታየ። ኪቦርድ ስትገዙ ባለ 128 ቢት ኤኢኤስ ምስጠራ (የሚጻፈውን ሌላ ሰው እንዳያነበው የሚቆልፍ ዘዴ) መሆኑ ተጽፎ እንደሆነ እዩ። የዶንግሏን ፈርምዌር፣ ማለትም ውስጧ ያለውን ሶፍትዌር፣ ማደስ የሚቻል ከሆነም አድሱት።

ጌም የሚጫወት ሰው ቁጥር ይጠይቃል። ተራ ዕቃ በሰከንድ 125 ጊዜ ያህል፣ ማለትም በየ8 ሚሊሰከንዱ፣ ለኮምፒውተሩ ሪፖርት ያደርጋል፤ ለጌም የተሠራው 1000 ጊዜ። ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ልዩነቱ አይታወቅም። የሚታወቀው የመስታወት ጠረጴዛ ነው፦ ተራው ማውዝ እዚያ ላይ መንገዱ ይጠፋበታል፣ አንድ ወረቀት ከሥሩ ብታደርጉለት ግን ወዲያው ይስተካከላል። ኪቦርዱ ደግሞ ከቆየ በኋላ የመጀመሪያዋን ፊደል ከዋጠ አልተበላሸም፣ ባትሪ ለመቆጠብ አሸልቦ ነበር። የይለፍ ቃል ከመጻፋችሁ በፊት ሺፍትን አንዴ ነካ አድርጉት።