ማክቤዝ ምን ያርግ፣ ጠንቋዮቹ ናቸው?

የሼክስፒር ድራማ ላይ ያለው ማክቤዝ ንጉሱን የገደለው በጠንቋዮቹ ምክንያት ነው፣ እሱ ምን ያርግ የሚለው ነገር ሁሌ ስለሚነሳ ቀለል አርጌ ላስረዳ። ትራጄዲ (አሳዛኝ ድራማ) ሲባል ሰው ስለሞተ ብቻ አይደለም፣ መኪና የገጨው ሰውም ያሳዝናል እኮ። እንደ ማክቤዝ ባለው ላይ ግን ትልቅ የተባለ ጀግና የገዛ ስልጣን ጥማቱ ነው የሚጥለው። ጠንቋዮቹ ንጉስ ትሆናለህ አሉት እንጂ ግደል አላሉትም! ጓደኛው የጦር መሪ ባንኮም እዛው አብሮት ቆሞ ዘሮችህ ይነግሳሉ ተብሏል፣ ማንንም አልገደለም። ማክቤዝ ግን ቤቱ በእንግድነት የተኛውን ንጉስ ዳንከንን ገደለ፣ ከዛ ባንኮን አስገደለ፣ ከዛ ደግሞ ምንም ያላረጉትን የተቃዋሚውን መኳንንት የማክደፍን ሚስትና ልጆች አስገደለ። የመጀመሪያው ግድያ ላይ ህሊናው እንዴት እንዳስጨነቀው አይታችኋል፣ የልጆቹ ላይ ግን ማመንታት የለም፣ ውድቀቱ ይሄ አለማመንታቱ ነው እንጂ ዙፋኑን ማጣቱ አይመስለኝም። እስከዚህ ድራማው ላይ ያለ ነው። ሚስቱ ምን ያህል ገፋችው የሚለው ግን እንደየአዘጋጁ ይለያያል።